ጋፋት ላይ «አናውቅም» ያሉ ሰዎች

በጓደኛሞች ጨዋታ መካከል በሁሉም ነገር ላይ ብያኔ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ኳስ ሲነሳ አሰልጣኝ ነው፤ ዶላር ሲነሳ የባንክ ገዥ ነው፤ ሕመም ሲነሳ ሐኪም ነው። የሚገርመው፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በእውነት ሕክምና የተማረ ሰው ካለ እሱ አንገቱን ደፍቶ ማኪያቶውን ያማስላል። ሲጠየቅም «እንደ ሁኔታው ነው» ብሎ ያልፋል። የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ታዲያ የሚያምነው የመጀመሪያውን ነው።

ይህን ነገር በቁጥር ሊይዙት የሞከሩ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች አሉ፤ ዴቪድ ዳኒንግና ጀስቲን ክሩገር። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሦስት ነገር ፈተኗቸው፤ የሚያስቀውን ቀልድ ከማያስቀው በመለየት፣ በአመክንዮና በእንግሊዝኛ ሰዋስው። ከፈተናው በኋላ «ከጓደኞችህ አንጻር የት ያለህ ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁ። ከመጨረሻው ሩብ የተመደቡት ተማሪዎች በአማካይ ከመቶ ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጡ ሆነው ሳለ፣ 62ቱን እንበልጣለን ብለው ገመቱ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ ለመጻፍ የሚያስፈልገው እውቀትና የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ትክክል መሆኑን ለማወቅ የሚያስፈልገው እውቀት አንድ ናቸው። እሱ የጎደለው ሰው ሁለቴ ይጎዳል። ይሳሳታል፤ መሳሳቱንም አያይም።

በነገራችን ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው፣ «የሞኝነት ተራራ» የሚባል ጫፍ ያለው ሥዕል ከጥናቱ ውስጥ የለም። በጥናቱ መሠረት ደካማዎቹ ራሳቸውን ከጎበዞቹ በላይ አላደረጉም፤ ከሚገባቸው በላይ ብቻ ነው ያደረጉት። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም የልዩነቱ የተወሰነ ክፍል ከስሌቱ ጠባይ የሚመጣ እንጂ ከሰዎቹ አእምሮ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ጥናቱን ሳያነቡ ሌላውን ሰው «አላዋቂ» ለማለት የሚጠቅሱት ሰዎች ብዛት ራሱን የቻለ ቀልድ ነው።

እኛ ግን ነገሩን በተማሪዎች ፈተና ሳይሆን በደብረ ታቦር ታሪክ ብናየው ይሻላል ባዮች ነን። ከተማይቱ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የየጁ ራሶች መቀመጫ፣ ኋላም የአጼ ቴዎድሮስ ዋና ሰፈር ነበረች። ሰዎች አቅማቸውን አጥርተው ሳይለኩ ሲቀሩ ምን እንደሚመጣ ያቺ ደጋ ደጋግማ አይታዋለች።

ከደጃዝማች ውቤ እንጀምር። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ውቤ ኃይለ ማርያም በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊን ለመጣል ወደ ደብረ ታቦር ዘመቱ። ጠመንጃቸው ከራስ ዓሊ ይበዛል፤ አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ከግብጽ ያስመጡት እሳቸው ናቸው። ከጎናቸውም ብሩ ጎሹ ተሰልፈዋል። በየካቲት ውጊያው ሆነ፤ ውቤ አሸነፉ፤ ራስ ዓሊ ከሜዳው ሸሹ። እስከዚህ ድረስ ግምታቸው ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን የታሪክ ጸሐፊዎች ሲያወሩት እስከ ዛሬ ያስቃል፤ ያሳዝናልም። አሸናፊዎቹ ድንኳን ውስጥ ገብተው ድላቸውን ሲያከብሩ፣ የራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ውቤን ከነደስታቸው ማረኳቸው። የተሸነፈው ራስ ዓሊ አሸናፊ ሆኑ፤ ያሸነፉት ውቤ ካሳ ከፍለው ተለቀቁ።

ውቤ ሞኝ አልነበሩም። ሰሜንና ትግራይን አንድ አድርጎ ለዓመታት የገዛ ሰው ሞኝ አይባልም። ግን ውጊያ ማሸነፍ አንድ ሙያ ነው፤ ድልን መያዝ ሌላ ሙያ ነው። የመጀመሪያውን የቻለ ሰው ሁለተኛውንም የቻለ ይመስለዋል፤ ምክንያቱም በመካከላቸው ያለው ድንበር የሚታየው ሁለቱንም ለሚያውቅ ብቻ ነው። ውቤ ከዚያ በኋላም ደረስጌ ላይ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የሚጭኑበት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ አጠገብ ድል ነሷቸውና፣ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ጳጳስ እጅ፣ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ለሌላ ሰው ግብዣ ደግሶ እንደ መጠበቅ ነው።

ካሳም ቢሆኑ ያለ ትምህርት አልመጡም። የእሳቸው ትምህርት ቤት ከሱዳን ወገን ያለችው ደባርቂ ነበረች። በ1840 ዓ.ም. የቋራው ጎበዝ ሠራዊታቸውን ይዘው የግብጽን ጦር ሊወጉ ወረዱ። የግብጾቹ ቁጥር ትንሽ ነበር፤ ግን ምሽግ ነበራቸው፤ መድፍ ነበራቸው፤ ከሁሉም በላይ ትእዛዝ ሰምቶ ቦታውን የማይለቅ ወታደር ነበራቸው። የካሳ ጦር ክፉኛ ተመታ። ከዚያ ወዲህ በካሳ አእምሮ ሁለት ነገሮች ተቀረጹ፤ መድፍና ዲሲፕሊን። ይህን ልብ እንበል። ሽንፈት አንድን ሰው ስለ ራሱ ያለውን ግምት እንዲያስተካክል አድርጎታል። በኮርኔሉ ጥናትም ከአንዱ ሙከራ የተገኘው ይኸው ነው። ደካማዎቹ ተማሪዎች ትንሽ አመክንዮ ከተማሩ በኋላ የቀድሞ ሥራቸውን መልሰው ሲያዩ ግምታቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰው አለማወቁን ለማየት ትንሽ ማወቅ አለበት።

የተቀረጹት ሁለት ነገሮች ግን እኩል አልነበሩም። ዲሲፕሊን አይታይም፤ አይነካም፤ ለማምጣት ዘመን ይፈጃል፤ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ገበሬውንም ያስቆጣል። መድፍ ግን ይታያል። ይመዘናል።

ወደ ጋፋት የምንደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ኮረብታማ ቦታ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓውያን ሠራተኞቻቸውን ያሰፈሩት እዚያ ነበር። አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ሊያሰራጩ ነው። ንጉሡ የፈለጉት ግን መድፍ ነው።

መድፍ ሥሩ ሲባሉ የሰጡት የመጀመሪያ መልስ «አናውቅም፤ ሙያችን አይደለም» የሚል ነበር።

በዚህ ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። በቴዎድሮስ ፊት ቆሞ «አናውቅም» ማለት ቀላል አልነበረም። ቀላሉ «እሺ ጃንሆይ» ብሎ ወርቅ መቀበልና ቀን መግዛት ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ብረትና እሳት ያውቃሉ፤ ስለዚህም መድፍ ማቅለጥ ምን ያህል ከእነሱ እንደሚርቅ ያውቃሉ። ነሐስ ዘጠኝ እጅ መዳብ፣ አንድ እጅ ቆርቆሮ ነው። ለማቅለጥ ወደ አንድ ሺህ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። የእቶኑ ጡብ ራሱ ከሙቀቱ ቀድሞ ከቀለጠ ሁሉም ነገር አለቀ። የመሬቱ ቅርጽ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት፣ የቀለጠው ብረት ሲገባበት እርጥበቱ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆንና ይፈነዳል። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ካልተተወ መድፉ ውስጡ አረፋ ይሆናል፤ ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ሲተኩሱት ግን ተኳሹን ይገድላል። ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው ሥራውን «ብረት ማቅለጥና ማፍሰስ» ይለዋል።

ንጉሡ ግን «ሞክሩ» አሉ። ሞከሩ፤ አልሆነም። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ሆነላቸው፤ በእጃቸውም ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙያውን ይማሩ ጀመር። የጋፋት ታሪክ ለእኛ ደስ የሚለን ከዚህ ቦታ ላይ ነው። ቀለም ከተማረ ሰው ይልቅ እቶን ፊት የቆመ ሰው ስለ ራሱ ያለው ግምት ቶሎ ይስተካከላል፤ ምክንያቱም ነሐስ አይሞካሽም። ጃንሆይ ቢሆኑ፣ ሊቅ ቢሆኑ፣ ቅርጹ እርጥብ ከሆነ ይፈነዳል።

የቤተ መንግሥት ሙያ ግን እንዲህ ያለ ዳኛ የለውም። የንጉሡ ውሳኔ ትክክል ይሁን ስህተት የሚነግራቸው ሰው የሚበላው ከንጉሡ ማዕድ ነው። አጼ ቴዎድሮስ የጎደላቸውን አያውቁም ነበር ማለት ግፍ ነው። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈዋል፤ መልስ አላገኙም፤ ነገሩም ቆንስሉን ካሜሮንን ወደ ማሰር አደረሰ። በ1858 ዓ.ም. ሚሲዮናዊውን ፍላድን ባለሙያ ያመጣላቸው ዘንድ ወደ እንግሊዝ ላኩ፤ ሠራተኞቹ ምጽዋ ድረስ መጥተው ወደ ደጋው ሳይወጡ ቀሩ። «አላውቅም፤ አስተምሩኝ» ማለትን የሚያውቁ ንጉሥ ነበሩ። የጎደላቸው ሌላ ነው። የመድፍ ሙያ ምን ምን እንደሚያካትት የሚለዩበት መለኪያ በእጃቸው አልነበረም፤ ስለዚህም ያለውን መለኪያ ተጠቀሙ። እሱም ክብደት ነበር።

ግዛታቸው ሲጠብ መድፋቸው ይተልቅ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። ዋግሹም ጎበዜ ላስታን ይዘዋል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በራሳቸው በንጉሡ ጦር ተዘርፋ ተቃጠለች፤ ገበሬው ጫካ ገባ። በቀረቻቸው በደብረ ታቦር ዙሪያ ግን ያን ጊዜ ሴባስቶፖል እየተሠራ ነበር። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ፤ ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ የተወሰደ። ለመጎተት እስከ 500 ሰው የሚፈልግ ግዙፍ ሞርታር።

በመስከረም 1860 መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። መድፎቹ በሠረገላ ላይ ናቸው፤ መንገድ ግን የለም። ስለዚህ መንገዱ እየተሠራ መሄድ ነበረበት። ከደብረ ታቦር በጋይንት፣ በጨጨሆ ወጥቶ፣ ወደ ዋድላ ደላንታ፣ ከዚያ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶ መውጣት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ለመሙላት ጥቂት ሲቀረው መቅደላ ደረሰ። ያ መንገድ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ራሱ የተጠቀመበት መንገድ ነው። ሰዎች ስለ ሴባስቶፖል ሲያወሩ ይህን ይዘሉታል፤ በእኛ ግምት ግን ከመድፉ የሚበልጠው ሙያ መንገዱ ነበር። ንጉሡ የሌላቸውን ችሎታ አጋነው፣ ያላቸውን ሳያዩ ቀሩ። ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ስህተት የማይለይ ስህተት ነው፤ መለኪያው ከተዛባ በሁለቱም በኩል ይዛባል።

ያ መንገድ ያቋረጠው የጋይንት ምድር፣ ለዚህ ችግር በደንብ የታሰበበት መፍትሔ የነበረው ምድር መሆኑ ያስገርመናል። ቤተልሔም ጋይንት ውስጥ ናት። ድጓ የትም ይማሩት፣ ለምስክር የሚሄዱት ወደ ቤተልሔም ነው። ለዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ ዙር አምባ። የአብነት ተማሪ «ድጓ አውቃለሁ» ስላለ አዋቂ አይሆንም። የክረምቱን፣ የበጋውን፣ የጾሙን ዜማ በመምህሩ ፊት ይላል፤ መምህሩ ያርማል፤ እንደገና ይላል። የሚመሰክርለት ሌላ ሰው ነው። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ጉባኤ ቃና በቆጠረ በመጀመሪያው ሰሞን ራሱን ከሊቃውንት የሚቆጥር ልጅ መቼም አይጠፋም፤ ግን በማግስቱ ጠዋት ቅኔው በጓደኞቹ ፊት ሲበላሽበት ልኩን ያገኛል። እነዚህ የአገር ቤት መምህራን ዳኒንግና ክሩገር ሳይወለዱ በፊት አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ተማሪን ስለ ራሱ ምስክር አድርገህ አትጠይቀው።

ዐጼ ቴዎድሮስ ራሳቸው በልጅነታቸው ቤተ ክህነት የተማሩ ሰው ነበሩ። የጦር ሜዳ ምስክር ቤት ግን የላትም። ምስክሯ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚወድቅባትም የሚያስፈትነው ሰው ብቻ አይደለም።

ስቅለት ዕለት ነበር፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እሮጌ ደረሰ። ዘመቻው በጠቅላላ ወደ 13 ሺህ ወታደር፣ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ነበሩት። ንጉሡ ከአምባው ላይ ሆነው ሲያዩ፣ ጓዝ የጫኑ በቅሎዎች ያለ ጠባቂ የሚመጡ መሰላቸው። ፊታውራሪ ገብርዬን ከነጦሩ ላኩ። መድፎቹም ከላይ ይተኩሱ ጀመር። ከትልልቆቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ከሌሎቹ የተተኮሰው ደግሞ በእንግሊዞቹ ራስ ላይ እያለፈ ይወድቅ ነበር። ከተራራ ላይ ቁልቁል መተኮስ የራሱ ሒሳብ አለው፤ ባሩድ መመጠንም እንዲሁ። ያን ሙያ የሚያስተምር ጋፋት ላይ አልነበረም፤ ጋፋት ማቅለጥ እንጂ መተኮስ አላስተማረችም።

ከታች ደግሞ ጓዙ ጠባቂ ነበረው። ከኋላ የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃ ያን ዕለት ከአፈ ሙዝ ከሚጎርስ ጠመንጃ ጋር ተገናኘ። ወደ 700 የሚጠጋ የሐበሻ ወታደር ሞተ፤ ከሺህ በላይ ቆሰለ። ፊታውራሪ ገብርዬ ከሞቱት መካከል ናቸው። ከእንግሊዞቹ 20 ያህል ቆሰሉ፤ ከእነሱ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ከደብረ ታቦር ጀምሮ ስድስት ወር ድንጋይ ሲፈነቅሉ፣ ገመድ ሲጎትቱ የከረሙ ሰዎች ናቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ሜዳ ላይ የቀሩት። ስለ ግምት ስህተት ስናወራ ሒሳቡን የሚከፍለው ገማቹ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በማግስቱ ንጉሡ ለናፒየር ደብዳቤ አስጻፉ። ያ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ለኩራቱ ነው፤ እኛን የሚገርመን ግን ሌላው ክፍሉ ነው። ራሳቸውን ታላቅ ጌታ አድርገው ገምተው እንደተዋጉ፣ መድፋቸው ግን ምንም ስላልረባቸው ልፋታቸው ሁሉ ከንቱ እንደሆነ ይናገራሉ። ሕዝባቸውን ወደ ሥርዓት ላግባ ቢሉ እንደጠሏቸው፣ እንግሊዞች ያሸነፉትም ሥርዓት የገባ ሕዝብ ይዘው ስለመጡ እንደሆነ ይጽፋሉ። በደባርቂ ከተቀረጹት ሁለት ነገሮች የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ ተለየ። ንጉሥ ሆኖ፣ በጠላት ፊት እንዲህ ያለ ሒሳብ የጻፈ ሰው በታሪካችን ብዙ አይደለም። ጀግንነታቸውን ለማሳየት የመጨረሻዋን ሽጉጥ ብቻ የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ደብዳቤ ቢያነቡት ደስ ይለናል።

ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ።

ብዙዎቻችን ሴባስቶፖልን የምናውቀው አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ በቆመው አምሳያው ነው። ዋናው እዚያው መቅደላ ቀርቷል። ብዙ ሰው አጠገቡ ፎቶ ሲነሳ የሚናገረው ክብደቱን ነው። ጋፋት ላይ በፈሰሰው ነሐስ ውስጥ አረፋ ይኑር አይኑር፣ ሒሳቡ ይያዝ ይሳት፣ ተኳሹን ይገድል ወይስ ጠላቱን፣ የሚለካ ሰው አላገኘም። በዚያ ሁሉ ልፋት ከደረሰ በኋላ፣ በውጊያ ላይ አንድም ጊዜ አልተተኮሰም።